አርሲንክን ለስቱዲዮ ሥራ ማዘጋጀት፦ መስመር ሲቆረጥ ከቆመበት እንዲቀጥል

ጥያቄው፦ «ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ከባለቤቴ ጋር የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። የሠርጉም፣ የምርቃቱም፣ የፍቼ ጨምበላላውም፣ የታኅሣሥ ገብርኤሉም ሥራ የሚጠራቀመው ኡቡንቱ በተጫነበት የስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አሁን 400 ጊጋባይት ገደማ ደርሷል። ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይተን በፋይልዚላ እየጫንን ነበር። መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ ግን የቱ ገባ የቱ ቀረ የሚለው ይጠፋናል። ‹አርሲንክ ተጠቀሙ› ተባልን። ማታ ማታ በራሱ እንዲሠራ እንዴት እናዘጋጀው? ባለቤቴ ደግሞ ቤት ሆኖ በዊንዶውስ ላፕቶፕ ፎቶ ያርማል፤ ሁለቱም ቦታ ያለው አንድ እንዲሆን እንፈልጋለን።»

የመከራችሁ ሰው ልክ ነው። አርሲንክ ፋይሎችን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማኬራስ ናቸው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ነው የተሠራው። መስመር ቀጭንና ውድ በነበረበት ጊዜ ስለተሠራ ዓላማው ሁሉ መስመር መቆጠብ ነው። ፋይሉ እዚያ ካለ አይልከውም፤ ከፊሉ ከተለወጠ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። ፋይልዚላ ላይ ያስቸገራችሁን፣ የገባውን ካልገባው መለየትን፣ እሱ በተነሳ ቁጥር ራሱ ይሠራዋል። ሁለቱን ጎን አስተያይቶ የጎደለውን ብቻ ያሟላል። ስለዚህ የት እንደደረሳችሁ መመዝገብ አያሻችሁም፤ ያንኑ ትዕዛዝ ደግማችሁ ማስነሳት ነው።

ወደ ትዕዛዙ ከመግባታችን በፊት ግን የምትወስኑት ነገር አለ። ዋናው ቅጂ የት ነው የሚኖረው? አርሲንክ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከሰጪ ወደ ተቀባይ። «ሁለቱም ቦታ አንድ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል እንጂ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው። ወደ ላፕቶፑ ኋላ እመለሳለሁ። ለጊዜው የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሰጪ፣ ሰርቨሩ ተቀባይ ብለን እንቀጥል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። የመጫኛ ፍጥነታችሁ (የማውረጃውን አትዩ) 10 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት፣ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ያህል ይሄዳል። በሌሊት ስምንት ሰዓት ብታገኙ 36 ጊጋባይት ነው። ያላችሁ 400 ጊጋባይት ከ11 ሌሊት በላይ ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ፍጥነቱ 4 ሜጋቢት ከሆነ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ አንድ ሠርግ 60 ጊጋባይት ይዞ ቢመጣ በ10 ሜጋቢትም አንድ ሌሊት አይበቃውም። እኔ ብሆን ጥሬውን ቪዲዮ ወደ ሰርቨር አልልክም። ጥሬው በሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ አንዱ ስቱዲዮ፣ ሌላው ቤት ይቀመጥ። ወደ ሰርቨር የሚሄዱት ፎቶዎቹ፣ የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ፋይሎችና ያለቀው ቪዲዮ ይሁኑ። ጥሬዎቹ የሚገቡበትን ፎልደር «ጥሬ» ብላችሁ ከሰየማችሁ «ኤክስክሉድ» በሚለው አማራጭ አርሲንክ እንዲዘለው ማድረግ ይቻላል።

አሁን ሥራው። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፈው እንደሚነበቡ ነው፤ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። አርሲንክ ራሱ አር፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ ተብሎ ይጻፋል። በሁለቱም በኩል መጫን አለበት። ብዙ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሰርቨሩ ላይ መጫኑን ይረሳና መስመሩን ይራገማል።

መጓጓዣው ኤስኤስኤች ነው፤ ሁለት ኮምፒውተሮችን በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ። ሰርቨሩ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ተራ ተጠቃሚ ክፈቱ፤ ሁሉን ማድረግ በሚችለው ዋና ተጠቃሚ፣ በሩት፣ አትሥሩ። ከዚያ በስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች-ኪይጄን» በሚለው ትዕዛዝ ኢዲ25519 የተባለውን ዓይነት ቁልፍ አውጡ። በጥንድ ነው የሚወጣው፤ የግሉ እናንተው ጋ ይቀራል፣ የአደባባዩን «ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ወደ ሰርቨሩ ያደርሰዋል። ሌሊት ማንም ተቀምጦ ፓስዎርድ ስለማይጽፍ ቁልፉ ያለ ፓስዎርድ ነው የሚወጣው። በሩት አትሥሩ ያልኩትም ለዚህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ቁልፉን ያገኘው ሰው የሚደርሰው አንድ ተራ ተጠቃሚ ጋ ብቻ ነው። ከአርሲንክ ጋር አብሮ የሚመጣ «አርአርሲንክ» የሚባል አጭር ስክሪፕትም አለ፤ ያንን ቁልፍ ከአንድ ፎልደር ውጭ ምንም እንዳይነካ ያጥረዋል። እሱን በኋላ ጨምሩት።

መጀመሪያ በእጃችሁ አንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ግቡ። የሰርቨሩን አሻራ አሳይቶ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አሻራውን ከአከራያችሁ ገጽ ጋር አመሳክራችሁ እሺ በሉት። ይህን ካልመለሳችሁ ሌሊት በራሱ የሚነሳው ሥራ እዚያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ቁልፉ እንደሠራ ስታረጋግጡ በፓስዎርድ መግባትን ሰርቨሩ ላይ ዝጉት፤ ስትዘጉት ግን አንድ የተከፈተ ተርሚናል ይኑራችሁ፤ ራሳችሁን ውጭ ቆልፋችሁ እንዳትቀሩ።

ትዕዛዙ ይህ ነው፦

አርሲንክ -ኤቪ --ፓርሻል-ዲር=.ፓርሻል --ታይምአውት=120 /ዳታ/ሥራዎች/ ስቱዲዮ@ሰርቨር:/ባክአፕ/ሥራዎች/

«ኤ» የምትለዋ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎልደር ሁሉ ይዞ እንዲሄድና የፋይሉን ቀን፣ ፈቃድና ባለቤትነት እንዲጠብቅ ታደርጋለች፤ ተራ ተጠቃሚ ሆናችሁ ስለምትገቡ ባለቤትነቱ የዚያ ተጠቃሚ ይሆናል፣ አያስጨንቃችሁ። ቀኑ ግን ዋና ነገር ነው። አርሲንክ ሌላ ካልተባለ ፋይል የሚያስተያየው በመጠኑና በተለወጠበት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ከገጠሙ ውስጡን ሳይከፍት ያልፋል። ያለ «ኤ» ብትልኩ ሰርቨሩ ላይ ያረፈው ፋይል የተላከበትን ሰዓት ይይዛል። በማግስቱ ቀኑ አልገጠመም ብሎ ሁሉንም ፋይል እንደገና ይፈትሻል። «ቪ» የሄደውን ስም እየዘረዘረ ያሳያችኋል። ብዙ መመሪያ ላይ የምታዩዋት «ዜድ»፣ ማመቂያዋ፣ ለእናንተ አትጠቅምም፤ ጄፔግም ቪዲዮም አስቀድሞ የታመቀ ነው፣ ፕሮሰሰር ማድከም ብቻ ነው የሚተርፈው።

ከሁሉ በላይ ዓይናችሁን የምታሳርፉት ከመጀመሪያው «ሥራዎች» ኋላ ባለችው ስላሽ ላይ ነው። ስላሽዋ ካለች «የፎልደሩን ውስጥ ላክ» ማለት ነው፤ ከሌለች «ፎልደሩን ራሱን ላክ»። ስላሽዋን ብትረሱ ሰርቨሩ ላይ በሥራዎች ውስጥ ሌላ ሥራዎች ይፈጠርና 400 ጊጋባይቱ ከሀ መሄድ ይጀምራል። መድረሻው ላይ ያለችው ስላሽ ይህን ያህል አታጣላም። ስለዚህ አዲስ ትዕዛዝ በጻፋችሁ ቁጥር መጀመሪያ «ኤን» የምትለዋን ጨምራችሁ አስኪዱት፤ ምንም ሳይልክ ምን ሊልክ እንደነበር ይዘረዝርላችኋል። ትናንት የገቡ ስሞች ዝርዝሩ ላይ እንደገና ከታዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ሳትልኩ አቁሙ።

መብራትና መስመር የሚመለከተው ክፍል ያቺ «ፓርሻል-ዲር» ናት። አርሲንክ ፋይል ሲቀበል በቀጥታ በስሙ አይጽፍም፤ በነጥብ በሚጀምር ጊዜያዊ ስም ይጽፍና ሲያልቅ ይሰይመዋል። ለዚህ ነው በሰርቨሩ ላይ ግማሽ የሆነ ፎቶ ሙሉ መስሎ የማይቀመጠው። ክፋቱ ግን መስመር ሲቆረጥ ያንን ጊዜያዊ ፋይል ይጥለዋል። 8 ጊጋባይት ቪዲዮ 7ቱ ገብቶ መብራት ቢጠፋ ሰባቱም ባከነ ማለት ነው። ፓርሻል-ዲር ሲኖር ግማሹ በተደበቀ ፎልደር ይቆይና በቀጣዩ ዙር በየቁራጩ ተመሳክሮ የቀረው ብቻ ይሄዳል። «ታይምአውት» ደግሞ ለ120 ሰከንድ ምንም ካልተላለፈ ሁለቱም ጎን ተስፋ ቆርጦ እንዲዘጋ ነው፤ ካልተባለ የሞተ መስመር ይዞ እስኪነጋ ሊቆም ይችላል። በኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል ውስጥም በየ30 ሰከንዱ ሰርቨሩን «አለህ?» እያለ እንዲነካካው የሚያደርግ መስመር አለ፤ ሥራ የፈታ ግንኙነት ለሚቆርጥ ሞደም እሱን ጨምሩ።

ስለ «ዲሊት» ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ይህ አማራጭ ሰጪው ጋ የሌለውን ከተቀባዩ ላይ ያጠፋል። ለድረ ገጽ ሠራተኛ ጥሩ ነገር ነው። ለፎቶ ቤት ግን እሳት ነው። እናንተ ደንበኛ አልበሙን ሲረከብ ቦታ ለማግኘት ከኮምፒውተሩ ታጠፋላችሁ፤ በዚያው ሌሊት ሰርቨሩም ያጠፋል። ዓመት ቆይቶ «የእናታችን ፎቶ እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብሎ የሚመጣ ቤተሰብ ምን ሊባል ነው? ከዚያ የባሰም አለ። «ዳታ» የምትሉት ሁለተኛው ዲስክ ኬብሉ ተላቆ ሳይነሳ ቢቀር ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። አርሲንክ ማንበብ ሲያቅተው ማጥፋቱን ራሱ ያቆማል፤ ባዶ ፎልደር ግን ስህተት አይደለም፣ በደንብ የተነበበ ባዶ ፎልደር ነው፤ እንደታዘዘው ሰርቨሩን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ለእናንተ ዲሊትን ጭራሽ አትጨምሩ። ሰርቨሩ ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ አጥሩት።

ማጥፋት ባይኖርም መደረብ አለ። የተበላሸ ወይም በስህተት በላዩ የተቀመጠበት ፎቶ መጠኑና ሰዓቱ ተለውጧልና ሌሊት ሄዶ ጥሩውን ይተካዋል። ለዚህ «ባክአፕ» እና «ባክአፕ-ዲር» የሚባሉትን አብራችሁ ጨምሩ፤ የሚተካው አሮጌ ፋይል ሳይጠፋ ቀን ወደተጻፈበት ሌላ ፎልደር ይዛወራል። ያ ፎልደር ከመድረሻው ጎን ይሁን እንጂ ውስጡ አይሁን። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ጻፉት፤ ያኔ ዝርዝሩ በራሱ ይሰለፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ይሠራል፤ የታኅሣሥ ገብርኤል 04-19 ነው፣ ጳጉሜን 13 ሆኖ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠው ግን የፈረንጁን ቀን ነውና ሁለቱን በአንድ ፎልደር አትቀላቅሉ።

ሌላ በቀላሉ የማይታይ ነገር፦ አርሲንክ ስም መቀየርን አያውቅም። «ያልታረመ» የነበረውን ፎልደር «የታረመ» ብላችሁ ብትሰይሙት ለእሱ አሮጌው ጠፍቶ አዲስ መጣ ነው፤ 20 ጊጋባይቱን እንዳለ መላክ ይጀምራል። ሥራ ሲያልቅ ፎልደር መሰየም ልማዳችሁ ከሆነ ልማዱን ተዉት። ውስጡ «አልቋል» የሚል ባዶ ፋይል አስቀምጡ፤ ግዴታ ከሆነባችሁ ያንኑ ስም ሰርቨሩም ላይ ገብታችሁ ቀይሩ።

በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ክሮን ነው። ትዕዛዙን በስክሪፕት ፋይል አስቀምጡና ክሮንታብ (የክሮን የሰዓት ዝርዝር) ውስጥ ከስክሪፕቱ ስም በፊት ይህን ጻፉ፦

*/30 22-23,0-5 * * *

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በየግማሽ ሰዓቱ ሞክር ማለት ነው። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ክሮን የኛን አቆጣጠር አያውቅም። «ማታ 4 ሰዓት» ብላችሁ 4 ብትጽፉ የሚነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ስቱዲዮ ስትከፍቱ ገና መሃል ላይ ሆኖ መስመሩን ይዞ ታገኙታላችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ያልኩት ለመብራቱ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ብትሰጡትና ያኔ መብራት ከሌለ ሌሊቱ ሙሉ ያልፋል፤ ክሮን ያመለጠውን ተመልሶ አይሠራም። ኮምፒውተሩም ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ በባዮሱ ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ይገኛል። አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላው ተደርቦ እንዳይነሳ ስክሪፕቱን በ«ኤፍሎክ» አስጀምሩት፤ «ኤን» ከተጨመረለት መቆለፊያው ሲያዝ ዝም ብሎ ይመለሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አርሲንክን የሚያቆም ሌላ መስመር ጨምሩ፤ ለክሮን 7 ሰዓት ነው። የቀረው ቀጣይ ሌሊት ይቀጥላል። ቀንም እንዲሠራ ከፈለጋችሁ «ቢደብልዩሊሚት» 300 በሉት፤ ቁጥሩ በሰከንድ ኪሎባይት ነው፣ 2.4 ሜጋቢት ያህል ይሆናል፤ ደንበኛ በቴሌግራም ፎቶ ሲጠብቅ መስመሩ አይታነቅም።

ጠዋት የሥራውን መዝገብ ስትከፍቱ በአማርኛ ስም ፋንታ እንዲህ ያለ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፦ \#341\#210\#200። አትደንግጡ፤ ይህ «ሀ» ናት። ክሮን የቋንቋ ማስተካከያ ስለማይዝ ነው እንጂ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ በትክክለኛ ስሙ ነው ያለው። «8» የምትለዋን አማራጭ ብትጨምሩ ይስተካከላል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በማከማቻ 3 ባይት ስለሚይዝ አንድ የፋይል ስም ኡቡንቱ ላይ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም፤ ሙሽሮቹን ከነአያታቸው ስም አትጻፉ። አንዳችሁ «ሀዋሳ»፣ ሌላችሁ «ሐዋሳ» ብላችሁ ብትሰይሙም ለኮምፒውተሩ ሁለት ፎልደር ነው፤ በአንድ አጻጻፍ ተስማሙ።

ወደ ላፕቶፑ። ዊንዶውስ ላይ ደብልዩኤስኤል (በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ከተጫነ ኡቡንቱ ይገባና አርሲንክ እንደዚያው ይሠራል። ጥያቄው አቅጣጫው ነው። «ዩ» የምትባል አማራጭ አለች፤ «ተቀባዩ ጋ ያለው አዲስ ከሆነ አትንካው» ትላለች። ብዙ ሰው በእሷ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ በመላክ ሁለቱን ጎን ያመሳሰለ ይመስለዋል። አላመሳሰለም። አንዱን ፎቶ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ካረማችሁት ቀድሞ የተቀመጠው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። የምትፈርደውም በሰዓት ነው፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ኮምፒውተር ላይ ፍርዷ ዋጋ የለውም።

እኔ የምመርጠው መለየትን ነው። ስቱዲዮው ወደ ሰርቨሩ «ስቱዲዮ» ፎልደር ብቻ ይጻፍ፣ ላፕቶፑ ወደ «ቤት» ፎልደር ብቻ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ያውርድ እንጂ አይጻፍበት። ባለቤትሽ የሚያርመውን ሥራ ከ«ስቱዲዮ» አውርዶ ወደ «ቤት» ይገለብጥና እዚያ ያርማል። ከአንድ በላይ ቅጂ ቦታ ይበላል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደለወጠ ሁልጊዜ ይታወቃል። በእርግጥ ሁለት አቅጣጫ ካሻችሁ ለዚያ የተሠሩት ዩኒሰንና ሲንክቲንግ ናቸው፤ አርሲንክን አታስጨንቁት። ፍላሽ ላይ የምትገለብጡ ከሆነ ደግሞ ፋት32 የሚባለው የፍላሽ ፎርማት ሰዓትን የሚመዘግበው በሁለት ሰከንድ ልዩነት ስለሆነ «ሞዲፋይ-ዊንዶው» 1 ካላላችሁ በየጊዜው እንደ አዲስ ይገለብጣል።

በወር አንዴ «ኤን» እና «ሲ» የሚሉትን አብራችሁ አስኪዱ። «ሲ» ቀንና መጠን ትቶ የእያንዳንዱን ፋይል ውስጥ በሁለቱም ጎን ያነባል፤ ዲስክ ያደክማል እንጂ መስመር ብዙም አይበላም። አንድ ሁለት ፎልደርም ከሰርቨሩ አውርዳችሁ ፎቶዎቹ መከፈታቸውን እዩ።

ስህተት ሲመጣ መዝገቡ መጨረሻ ላይ ቁጥር ይጽፋል። 255 ኤስኤስኤች ራሱ አልገባም ወይም ተቆረጠ ማለት ነው፤ መስመር፣ ቁልፍ ወይም የፎልደር ፈቃድ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ የቁልፉ ዝርዝር 600 መሆኑን እዩ። 12 ብዙ ጊዜ መሃል ላይ መቆረጥ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ አርሲንክ ከሌለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 127 ነው። 30 ያ የ120 ሰከንድ ገደብ ደረሰ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ይቀጥላል፣ አትንኩት። 24 ሲልክ ፋይሉ ከሥሩ ጠፋ ማለት ነው፤ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ክፍት ትታችሁ ከሄዳችሁ ይመጣል፣ ክፋት የለውም። 23 ከመጣ ጥቂት ፋይሎች አልሄዱም፤ ስማቸው ከላይ አለ፣ አንብቡት። 11 ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ዲሊት ስለማትጠቀሙ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ዕለት የቱ ሠርግ እንደሚጠፋ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።